ያረጀ ላፕቶፕ ልቀይር ነው፤ የስክሪኑን ጥራት ግን አልለቅም

ፊደል_ለቃሚ
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡20

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፕ ልቀይር ነው፣ ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እዚሁ ባሕር ዳር የጽሕፈትና የገጽ ቅንብር ሥራ ነው የምሠራው። የድሮ መጻሕፍት በፎቶ ይመጡልኛል። ፎቶውን በግማሹ ስክሪን ከፍቼ በሌላው ግማሽ እተይባለሁ። አሁን የያዝኩት ድጓ ነው። ከፊደሉ አናት ላይ የዜማ ምልክት አለ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ከምልክቶቹ ጋር ደግሞ ጥቃቅን ፊደላት ይጻፋሉ። ይዘት አንዲት ነጥብ ናት። ድፋትና ደረት ሁለቱም ትንንሽ ቅስት ናቸው፤ የሚለያዩት በተገለበጡበት አቅጣጫ ነው። ስክሪኑ ካልጠራ ይዘቷ የብራና እድፍ ትመስላለች። ቅስቱም ወዴት እንደዞረ አይለይም። ምልክት ከተሳሳተ ደግሞ ዜማው ተበላሸ ማለት ነው። ይህን ለሚማር ልጅ አሳልፌ መስጠት አልፈልግም።

ያለኝ ላፕቶፕ 13.3 ኢንች ነው፤ 3200 በ1800 ፒክስል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 6ኛ ትውልድ፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ። ስክሪኑ እስካሁን እንደ አዲስ ነው። የቀረው አካሉ ግን አልቋል። ማጠፊያው ተሰንጥቋል። ባትሪው አብጦ ታችፓዱን ወደ ላይ ገፍቶታል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 6ኛ ትውልድን አይቀበልም።

ከተማ ውስጥ ስጠይቅ የሚያሳዩኝ በብዛት 15.6 ኢንች ባለ 1366 በ768 ነው። «ኤችዲ ነው እህቴ፣ ምን ጎደለው?» ይሉኛል። በአንድ ኢንች 100 ፒክስል ማለት ነው። የእኔው 276 አለው።

ዩዝድ ቢሆን ችግር የለብኝም። አዲስ ለመግዛት አቅሙ የለኝም፤ ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መብራት ሲሄድ መሥራት አለብኝ። አልፎ አልፎ ወደ ዘጌ ይዤው ስለምሻገር በጣም ከባድ ባይሆን ደስ ይለኛል።

———

ሽቦና_ብሎን
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡48

እህቴ፣ መጀመሪያ ባትሪው። ሌላውን በኋላ እናወራለን።

ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ውስጡ ጋዝ ይዟል። ታችፓዱን በእጅሽ ተጭነሽ ለማስተካከል እንዳትሞክሪ። ቻርጅ ማድረግም አቁሚ። ዛሬውኑ አጥፍተሽ ጥገና ቤት ውሰጂውና ያውጡልሽ። የሚያወጣው ሰው በብረት ፈልቅቆ እንዳያወጣው ንገሪው፤ ከተወጋ በእሳት ይያያዛል። ከወጣ በኋላ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም።

ብዙ ላፕቶፕ ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይሠራል። ሌላ እስክታገኚ በዚያ መቆየት ትችያለሽ። መብራት በሄደ ቁጥር ግን ድርግም ይላልና ፋይልሽን ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጊ።

———

ቆጣቢው
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡15

እኔ ሐሳቤ የተለየ ነው። ባለ 14 ኢንች ፉል ኤችዲ (1920 በ1080)፣ አይፒኤስ (ከጎን ሲታይም ቀለሙ የማይገለበጥ ስክሪን) የሆነውን ያዢ። በኢንች 157 ፒክስል ይሆናል። በየቦታው ይገኛል፣ ሲበላሽም ስክሪኑ ርካሽ ነው። ባትሪ አይበላም። ምልክቱ ካልታየሽ ዙም ማድረግ ነው። ዓይን ይለምዳል። ለስክሪን ብለሽ ያለሽን ሁሉ አታፍስሺ።

———

ፊደል_ለቃሚ
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡40

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሽቦና ብሎንም እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ባትሪው ወጥቷል።

ስለ ዙም ልመልስ። ዙም ሳደርግ ምልክቷ ትጎላለች፣ ገጹ ግን ይጠፋል። የድጓ ገጽ ብዙ ጊዜ በዓምድ የተከፈለ ነው። የምጽፈውን መስመር ከላዩና ከታቹ ካለው ጋር ካላየሁት መስመር እዘላለሁ። አንድ ዓይነት ቃል በሁለት ተከታታይ መስመር ላይ ሲመጣ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ የድሮ ጸሐፊዎችም የሚስቱት እዚህ ላይ ነበር። ገጹ ሙሉውን እየታየኝ ምልክቱም ሊነበብልኝ ይገባል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጠኝ የፒክስሉ ብዛት ብቻ ነው።

———

ፔዳ_ግራፊክስ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡30

ከእሷ ጋር ነኝ። ፊደላችን ከላቲን ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ፀ እና ዐ የሚለያዩት በመሀል ባለች ጭረት ነው። ፮ እና ፯ በትንሽ ፎንት ሲቀመጡ ማን ይለያቸዋል? ሀ ሁ ሂ እያልን የምናዞረው አናባቢ ራሱ ከቅርጹ ጫፍ ላይ የምትቀጠል ቅጥያ ነው። በ1366 ስክሪን ላይ 10 ነጥብ ፎንት ስታነቢ ያቺ ቅጥያ በአንድ ወይም በሁለት ፒክስል ነው የምትሣለው።

ቆጣቢው፣ አንድ ነገር ልብ በል። ራም ቦርዱ ላይ ካልተበየደ ይጨመራል። ኤስኤስዲ ይቀየራል። ባትሪም ይቀየራል። ስክሪን ግን በአብዛኛው የገዛኸው ነው የሚቆየው። ስለዚህ ዩዝድ ስትገዛ መጀመሪያ ስክሪኑን ምረጥ። ሌላውን ቀስ እያልክ ትሞላዋለህ።

ደግሞ የፒክስል ብዛት የሥራ ቦታ ይጨምራል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። 3200 በ1800ን ዊንዶውስ ላይ ሁሉን ነገር በ200 ፐርሰንት አጉልተሽ ስትጠቀሚበት የምታገኚው ቦታ 1600 በ900 ነው። ፉል ኤችዲ በ125 ፐርሰንት 1536 በ864 ይሰጥሻል። ቦታው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ አንዱ ፊደል ከሁለት እጥፍ ተኩል በሚበልጥ ፒክስል መሣሉ ነው።

ለእኔ ከሆነ ማክቡክ ኤር ኤም1 ነው። እ.ኤ.አ. የ2020 ሞዴል፣ 13.3 ኢንች፣ 2560 በ1600፣ በኢንች 227 ፒክስል። ማራገቢያ የለውም፣ ድምፅ አያሰማም። ባትሪው መብራት ሄዶ እስኪመጣ አይጨነቅም። ከገዛሽ ግን ባለ 16 ጊጋ ራሙን ፈልጊ፤ ራሙም ማከማቻውም በኋላ አይጨመርም።

———

ፊደል_ለቃሚ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡55

ማኩን አስቤው ነበር። የሚያስቸግረኝ ፓወር ግዕዝ፣ የድሮው የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራም ነው። የድሮ ደንበኞቼ ፋይል በሙሉ በእሱ ፎንት የተጻፈ ነው። ዩኒኮድ (ለሁሉም ኮምፒውተር የጋራ የሆነው የፊደል ኮድ) አይደለም፤ ፎንቱ ከሌለ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይከፈታል። አዲሱን ሥራዬን በዩኒኮድ ነው የምሠራው። የዜማ ምልክቶቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዩኒኮድ ገብተዋል፣ በቁጥር 10 ናቸው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ፎንት ላይ አሉ። የድሮውን ፋይል ግን ልጥለው አልችልም። ለዚህ ዊንዶውስ ያስፈልገኛል። ኤም1 ላይ ደግሞ ዊንዶውስን ማክ ላይ የሚጭነው ቡት ካምፕ የለም።

———

ፖሊ_በር
እሑድ፣ ረፋድ 4፡10

ዊንዶውስ ከሆነ ከ8ኛ ትውልድ ኢንቴል በታች እንዳትገዢ። ዊንዶውስ 11 የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። በዚህ ከተጣራ ዩዝድ ገበያ ላይ የሚቀርሽ ይህን ይመስላል።

ቲንክፓድ ቲ480። እ.ኤ.አ. የ2018 ሞዴል ነው። 14 ኢንች ባለ 2560 በ1440 ስክሪን ይዞ የወጣ አለ፤ በኢንች 210 ፒክስል። ራሙ በሁለት ቀዳዳ ነው፣ እስከ 32 ጊጋ ይወስዳል። የእኔ ድምፅ ለዚህ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ባትሪው ነው። አንድ ባትሪ ውስጡ አለ፣ ሌላ ከኋላ የሚነቀል አለ። የኋላውን ሳታጠፊው አውጥተሽ ሌላ ትሰኪበታለሽ፤ የውስጡ ያቆየዋል። ትልቁ የኋላ ባትሪ 72 ዋት ሰዓት ነው። በእኛ መብራት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዩኤስቢ ሲም ቻርጅ ያደርጋል።

ኤክስ1 ካርቦን 6ኛ ትውልድ (6ኛ የተባለው ላፕቶፑ ነው፤ ፕሮሰሰሩ 8ኛ ትውልድ ነው)። ያው 2560 በ1440 ያለው ይገኛል። በጣም ቀላል ነው፣ ለዘጌ ጀልባሽ ይመቻል። ራሙ ግን የተበየደ ነው። ባለ 8 ጊጋው ካጋጠመሽ እለፊው።

ዴል ኤክስፒኤስ 15 ቁጥር 9570። 3840 በ2160 (ፎርኬ የሚባለው)፣ በኢንች 282። ከእነዚህ ውስጥ ከአሁኑሽ የሚበልጥ ይህ ብቻ ነው። ከበድ ይላል፣ ፎርኬው ስክሪን የሚያብረቀርቅ ነው፣ መስኮት አጠገብ ከሆንሽ ፊትሽን ታይበታለሽ። ባትሪም ይበላል። ፎርኬ ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ፒክስል አለው፤ እሱን ለማብራት የጀርባ መብራቱም ጠንከር ማለት አለበት።

ሰርፌስ ላፕቶፕ 2ም አለ፤ 2256 በ1504፣ ቁመቱ ረዘም ያለ ስለሆነ ለገጽ ሥራ ያምራል። ከተበላሸ ግን መክፈቱ መከራ ነው፣ እዚህ አይሞከርም።

ዋናው ማስጠንቀቂያ፦ የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃሽም። ቲ480 በ1366 በ768ም ወጥቷል፣ በፉል ኤችዲም ወጥቷል። እዚህ የሚገቡት ከውጭ መሥሪያ ቤቶች የተሰበሰቡ ስለሆኑ አብዛኞቹ እነዚያ ናቸው።

———

መምህር_ዘጣና
እሑድ፣ ቀን 7፡30

ሰላም ለእናንተ ልጆቼ። ከቅዳሴ መልስ ነው ያነበብኩት።

ስለ ፒክስሉ ብዙ ተባለ፤ ስለ ቀለሙ ግን ማንም አላነሳም። በብራና ላይ ቀይ ቀለም ሥራ አለው። የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፉ መጀመሪያ በቀይ ይጻፋል። ነጠብጣቡ ላይ፣ ቁጥሩ ላይም ቀይ ይገባል። ዘመን የጠገበ ቀይ ደግሞ ወደ ቡኒ ይሄዳል። እኔ የማይበት አሮጌ ላፕቶፕ ቀዩን ሁሉ ፈዛዛ ብርቱካን ያደርገዋል። አንገቴን ትንሽ ዝቅ ካደረግሁ ደግሞ ጥቁሩና ቀዩ አንድ ይሆኑብኛል። ልጄ፣ ያዘጋጀሽውን ሳርምልሽ በዚህ ምክንያት ነው ወረቀት ላይ አትሚልኝ የምልሽ። ስትገዢ ይህንንም እዪ።

———

ፔዳ_ግራፊክስ
እሑድ፣ ቀን 8፡05

መምህር፣ ያነሡት ነገር ትክክል ነው፤ ማንሣት የነበረብን እኛ ነን። የእርስዎ ስክሪን ቲኤን የሚባለው ዓይነት ይመስለኛል። ከጎን ወይም ከታች ሲታይ ቀለሙ ይገለበጣል። ርካሾቹ ስክሪኖች 45 ፐርሰንት ኤንቲኤስሲ የሚባል የቀለም ስፋት ነው ያላቸው፤ ቀይ የሚፈዘው ከዚያ ነው። 72 ፐርሰንት የተባለው ኤስአርጂቢ ለሚባለው መለኪያ የሚጠጋው ነው። ፊደል ለቃሚ፣ አይፒኤስ የሚል ብቻ ሰምተሽ እንዳትረኪ። አይፒኤስ ሆኖ 45 የሆነ ሞልቷል።

———

ቆጣቢው
እሑድ፣ ቀን 8፡40

እሺ፣ ስለ ስክሪኑ አሳምናችሁኛል። ግን ሌላ መንገድ አለ። ርካሽ ላፕቶፕ ገዝታ ውጫዊ ፎርኬ ሞኒተር ብታያይዝበትስ? ባለ 24 ኢንቹ በኢንች 184 ይሰጣታል። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከላፕቶፕ ስክሪን የተሻለ ነው፣ አንገትም አያሳምም።

———

ሽቦና_ብሎን
እሑድ፣ ከሰዓት 9፡15

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ሁለት ነገር አስብበት። አንድ፣ የዚያ ዘመን ላፕቶፖች የሞኒተር መሰኪያ (ኤችዲኤምአይ) አብዛኛው 1.4 ነው፤ ፎርኬን በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው የሚያድሰው። የማውሱ ቀስት እየተንቀጠቀጠ ይሄድባታል። በዲስፕሌይ ፖርት ወይም በዩኤስቢ ሲ ማገናኘት አለባት። ሁለት፣ መብራት ሲሄድ ሞኒተሩ ባትሪ የለውም። መብራት ሲሄድ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ልትገዛ ነው። ሲደመር ከቲ480ው አይረክስም።

ሌላ አማራጭ ልንገርሽ እህቴ። ፉል ኤችዲ ስክሪን ያለው ቲ480 በጥሩ ዋጋ ካገኘሽ ስክሪኑን ለብቻ ገዝተሽ ማስቀየር ይቻላል። ግን ሰው የሚሳሳተው ኬብሉ ላይ ነው። የፉል ኤችዲው ኬብል ባለ 30 ፒን ነው። የ2560ው ስክሪን ባለ 40 ፒን ኬብል ይፈልጋል። ስክሪኑን ብቻ ገዝተሽ ብትመጪ አይገጥምም። ሁለቱን አንድ ላይ እዘዢ።

ስክሪኑን ከጀርባው የሚለይ ጽሑፍ አለ። ኤዩኦ በሚባለው ፋብሪካ ስክሪን ላይ ከኢንቹ ቁጥር ቀጥሎ ያለችውን ፊደል እዪ። ኤክስ ከሆነች 1366 በ768 ነው። ኤች ከሆነች ፉል ኤችዲ። ኪው ከሆነች የምትፈልጊው 2560 በ1440። ሳይፈታም ይታያል፤ ኤችደብልዩ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቺና ሞኒተር የሚለው ሥር ያለውን ስም አንብቢ።

———

ዓባይ_ማዶ
እሑድ፣ ማታ 12፡50

ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ቻናል ልትገዢ ከሆነ ይህን አንብቢ።

«ፎርኬ ሰፖርት ያደርጋል» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ እለፊው። ማለት የፈለጉት ወደ ውጭ ሞኒተር ፎርኬ ማውጣት ይችላል ነው። የራሱ ስክሪን ስንት እንደሆነ አልነገሩሽም።

ሁለተኛ፣ ሴቲንግ ላይ የሚታየውን ቁጥር ብቻ አትመኚ። በግራፊክስ ሶፍትዌር ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ 2560 ብሎ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። የሚያጋልጠው እንዲህ ነው። ፔይንት ላይ አንድ ፒክስል ጥቁር መስመር፣ አንድ ፒክስል ነጭ መስመር እያልሽ የሞላ ትንሽ ሥዕል አዘጋጂ። በ100 ፐርሰንት ክፈቺው። እውነተኛ ከሆነ ጥርት ያለ፣ እኩል ሸንተረር ይታያል። የተመሰለ ከሆነ ሸንተረሩ በየቦታው ይደበዝዛል፣ ማዕበል ይሠራል። ፋይሉን በፍላሽ ለሚያይልሽ ሰው ስጪው።

ከዚያ ሙሉ ነጭ ገጽ፦ ጥላ፣ የተጫነ ቦታ ካለ ይታያል። ሙሉ ጥቁር ገጽ፣ ክፍሉን ጨለም አድርጎ፦ ከጠርዙ የሚያፈስ ብርሃን ይታያል። ሻጩ «ቶሎ በል፣ ሌላ ገዢ አለ» ካለ ተነሥቶ መሄድ ነው።

ሲላክም በሰው እጅ ይሁን። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ካለ ላፕቶፑና ትርፉ ባትሪ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁኑ። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም።

———

ፊደል_ለቃሚ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡05

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ተገኝቷል።

ቲ480 ነው፣ ባለ 2560 በ1440። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው ያየልኝ። የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየው ሴቲንጉ ላይ 2560 ይላል፤ የሸንተረሩን ሥዕል ሲከፍት ግን ማዕበል ሠራ። ጥሎ ወጣ። ሌላ ቦታ ያገኘው ጥርት አለ፣ የስክሪኑም ስም ኪው ያለበት ነው። ራሙ 8 ነበር፣ አንድ ቀዳዳ ባዶ ስለሆነ ሌላ 8 አስጨመርኩ። የኋላው ባትሪ ትንሹ ነው፤ ትልቁን ቀስ ብዬ እገዛለሁ።

ስለ ስክሪኑ እውነቱን ልንገራችሁ። ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጠው የድሮው ይበልጣል። 276 እና 210 አንድ አይደለም። ግን ሥራው ላይ ያለችው ገጽ ሙሉዋን ተከፍታ ይዘቷ ነጥብ ሆና ትታያለች፣ ድፋትና ደረትም ይለያሉ። በ150 ፐርሰንት ነው የማየው። ስክሪኑ የማያብረቀርቅ ስለሆነ መስኮቴ አጠገብ መቀመጥ ችያለሁ፣ ይህን አልጠበቅሁም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ፓወር ግዕዝና የድሮው የገጽ ማቀናበሪያዬ ፊደሉን ብዥ አድርገው ነው የሚያሳዩት። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ግን ደህና ናቸው።

———

ፔዳ_ግራፊክስ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡20

እንኳን ደስ አለሽ! ብዥ ማለቱ የስክሪኑ ችግር አይደለም። የድሮ ፕሮግራሞች ስለ 150 ፐርሰንት ስለማያውቁ ዊንዶውስ ሥዕላቸውን ለጥጦ ነው የሚያሳይሽ። የፕሮግራሙ ምልክት ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጊ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያ ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ። ከታች ያለውን ኦቨርራይድ አብሪና «ሲስተም ኤንሃንስድ» የሚለውን ምረጪ። እሱ ካልሠራ «አፕሊኬሽን» በዪው፤ ያኔ ፊደሉ ይጠራል፣ ሜኑው ግን ትንሽ ይሆናል።

———

መምህር_ዘጣና
ዓርብ፣ ጠዋት 1፡10

እሰይ ልጄ። ቀዩስ እንዴት ነው?

———

ፊደል_ለቃሚ
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡00

መምህር፣ ቀዩ ቀይ ነው። ዘመን የጠገበውም ቡኒ ሆኖ ከጥቁሩ ተለይቶ ይታያል። ለእርስዎ ግን አሁንም በወረቀት አትሜ አመጣለሁ፤ እርማትዎ በእጅ ጽሑፍ ሲሆን ይቀለኛል።

ፔዳ ግራፊክስ፣ «ሲስተም ኤንሃንስድ» ለፓወር ግዕዙ ሠራ። ለሌላው «አፕሊኬሽን» ነው የሆነው። አመሰግናለሁ።

የድሮውን ላፕቶፕ ምን ላድርገው? ስክሪኑ ያሳዝነኛል።

———

ሽቦና_ብሎን
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡35

ለአካል ብለሽ በርካሽ አትሽጪው። ስክሪኑን ፈትቶ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ማንበብ ነው። ለዚያ ቁጥር የሚሠራ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ይታዘዛል፣ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይ ፖርት ያለው። ከዚያ ትንሽ ሞኒተር ይሆናል፤ ፎቶውን በእሱ፣ ጽሑፉን በአዲሱ ትከፍቻለሽ። ቦርዱ 3200 በ1800 የሚደግፍ መሆኑን ሳታረጋግጪ ግን ብር እንዳትከፍዪ። ሳትፈቺው አምጪልኝ፣ ቁጥሩን እኔ አነብልሻለሁ። ባትሪውንም አብረሽ አምጪው፣ ቤት ውስጥ አይቀመጥ።